ያገለገለ ኮምፒውተር አድሶ ለተማሪ ቤት ማድረስ፦ ለአይሲቲ ክበባት ከሀ እስከ ፐ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን በአብዛኛው አይቀበልም። ስለዚህ ቢሮዎች ውስጥ ምንም ያልሆኑ ማሽኖች ከጠረጴዛ እየወረዱ ስቶር እየገቡ ነው። በሌላ በኩል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ማውዝ በወጉ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፈተና ላይ ገና ከማውዙ ጋር ሲታገል ሰዓቱ ይሄድበታል።

ስቶር ያለውን ማሽን ቤቱ ኮምፒውተር ከሌለው ልጅ ጋር ማገናኘት የትምህርት ቤት ክበብ የሚችለው ሥራ ነው። ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም። አንድ ነገር ላይ ግን ከመጀመሪያው እንስማማ፦ ከአሥር ማሽን አራቱን በደንብ አድሶ መስጠት፣ አሥሩንም ለብ ለብ አድርጎ ከማደል ይሻላል። ለጠጋኝ የሚከፍለው የሌለው ቤት፣ በሁለተኛው ሳምንት የሚቆም ኮምፒውተር ከሰጣችሁት ያስገባችሁለት ወጪና ቅሬታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የወጣ ነው።

1. ለመቀበል አትቸኩሉ

ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ አጽፉ። ደብዳቤው ላይ የምትፈልጉትንም የማትፈልጉትንም ግለጹ። ካልገለጻችሁ ድርጅቱ ስቶሩን ለማጽዳት ይጠቀምባችኋል። የተሰበረ ፕሪንተር፣ ፋክስ፣ ሆዱ የገፋ የድሮ ስክሪን ሁሉ ተጭኖ ይመጣል፤ በኋላ ማስወገጃው የእናንተ ጣጣ ይሆናል። ከግል ድርጅቶችና ከኤንጂኦዎች ጀምሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት የሚያስወግድበት የራሱ ሥርዓት ስላለው ጊዜ ይወስዳል።

የምትቀበሉት ምን ዓይነት ነው? ኢንቴል ከሆነ ከ4ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ይሁን። ትውልዱን ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ታገኙታላችሁ። አይ5-6500 ከሆነ 6ኛ ነው፤ አይ5-10400 ከሆነ 10ኛ። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሆኖ ወደ 8 ማደግ የሚችል ይሁን። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ይምጣ።

አንድ ነገር በር ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ፤ የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል አለው ወይ? አንዳንድ ድርጅት ማሽኖቹን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ለጋሹ የአይቲ ክፍል ካልከፈተላችሁ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ቲንክፓድ የሚባሉት የሌኖቮ ላፕቶፖች፣ ለመለዋወጫ ካልሆነ ለምንም አይጠቅሙም። የአፕል ማሽን ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ማውጣት አለበት።

2. መዝገብና ፕላስተር

ማሽኑ እንደገባ ፕላስተር ለጥፉበትና ቁጥር ጻፉበት። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩን፣ ለጋሹን፣ ሞዴሉን፣ ሴሪያል ቁጥሩን፣ ራሙንና ዲስኩን አስፍሩ። ዲስኩን ማን መቼ እንዳጸዳው፣ ማን እንደፈተነው የሚጻፍበት ባዶ ዓምድም ተዉ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ማንም አይወደውም። ግን ለጋሹ ከስድስት ወር በኋላ «ያ የፋይናንስ ኮምፒውተር ምን ሆነ?» ብሎ ሲደውል መልስ የሚገኘው ከዚያ ደብተር ነው።

የሚቀበለውን ቤተሰብ ስም ማሽኑ ላይ አትጻፉ። እሱ መምህሩ ዘንድ በሌላ ወረቀት ይቀመጥ።

3. ስፒናውን ከመሰካታችሁ በፊት

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ፤ በተለይ ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ካላችሁ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛ 220። በተለምዶ ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን አዙራችሁ ከኋላ፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለች። ላይዋ ላይ 115 ወይም 230 የሚል ይታያል። እዚያ ሲጠቀሙበት የነበረ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። እንደዚያው ብትሰኩት «ጧ!» ይላል፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ፓወር ሰፕላዩም አለቀለት። በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ግፏት። ከዚያ ማንም ልጅ መልሶ እንዳይነካት ፕላስተር ለጥፉባት።

ማዞሪያ ከሌለው ተለጣፊ ጽሑፉን አንብቡ። «100-240» ካለ በራሱ ያስተካክላል፤ አትስጉ። የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ከ110 እስከ 120 ብቻ የሚል ዕቃ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እሱን ለቤተሰብ አትስጡ።

ቻርጀር የጠፋበት ላፕቶፕ ካለ ደግሞ ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን ቮልት አንብቡ። 19፣ 19.5 ወይም 20 ሊሆን ይችላል። የምትገዙት ቻርጀር ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ችግር የለውም፤ ካነሰ ግን አይሆንም።

ሁለት ነገሮች በፍጹም አይከፈቱም። አንዱ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የቀረ ኃይል ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ነው። በማውዝ ፈንታ በጣት የሚነካው የላፕቶፑ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እየተንገዋለለ ካስቸገረ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅ አታድርጉት። መምህሩ ቀስ ብሎ ያውጣውና አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ከክፍሉ ውጪ ያስቀምጠው።

4. ዲስኩን ማጽዳት

ለጋሽ ድርጅቶች የሚፈሩት ይህንን ነው፤ ደግሞም ልክ ናቸው። «ፎርማት አድርገነዋል» ማለት አይበቃም። ተራ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው፤ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ይመለሳሉ። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የደንበኛ መታወቂያ፣ የሰው ፎቶ ሊኖር ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሽሬድ ኦኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ በእሱ ቡት አድርጉ፤ ማሽኑን ከፍላሹ አስነሱት ማለት ነው። ውስጡ ያለው ኤንዋይፕ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይጽፍበታል። ሰባት ጊዜ፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ የሚሉ ምርጫዎች ታያላችሁ። ተዉት። ለዘመኑ ዲስክ አንድ ሙሉ ዙርና ማረጋገጫ ይበቃል። ለ500 ጊጋባይት ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ጠዋት አስጀምራችሁ ክፍል ግቡ። መብራት ከሄደ ግን ከመጀመሪያው ነው።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ከሆነ መላው ይለያል። በላዩ ላይ መጻፍ ሁሉንም ቦታ አይደርስም። በብዙ የቢሮ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ «ሴኪዩር ኢሬዝ» ወይም «ዋይፕ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሲያልቅ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑን መዝገቡ ላይ ጻፉ። ከዚያ ለለጋሹ የዲስኮቹን ሴሪያል ቁጥር የያዘ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩለት። በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይደውልላችኋል።

ማጽዳት ያልተቻለ የሞተ ዲስክ ለቁራሌው አይሰጥም። በድሪል ሁለት ሦስት ቦታ ይበሳ። ይህን አዋቂ ሰው መነጽር አድርጎ ይሥራው፤ የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ መስታወት ሊሆን ስለሚችል ይፈነጥራል።

5. መክፈትና ማጽዳት

ከሶኬት ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረውን ኃይል ያፈሰዋል። የሳጥኑን ባዶ ብረት ንኩ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከሹራባችሁ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ራም ሊያበላሽ ይችላል።

አቧራውን በረንዳ ላይ በብሎወር አስወጡ። ብሎወር ከሌለ አዲስ የቀለም ብሩሽ ይሠራል። ፋኑን በጣታችሁ ወይም በእርሳስ ያዙት፤ በነፋሱ እንደ ጉድ ከተሽከረከረ ይጎዳል። ሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት ደርቆ ከሆነ በአልኮል አጽዱና ምስር የምታህል ጠብታ አዲስ ቴርማል ፔስት አድርጉ። ብዙ መቀባት አያሻሽለውም።

ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ላፕቶፕ ውስጥ ረጅሙን ብሎን የአጭሩ ቦታ ብታስገቡት ማዘርቦርዱን ሊበሳው ይችላል።

6. አልበራም ሲል

ብዙ ልጆች ቶሎ «ማዘርቦርዱ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሌላ ገመድ፣ ሌላ ሶኬት ሞክሩ። ከኋላ ያለው ማብሪያ መከፈቱን እዩ። ፋን ይዞራል ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው? ራሙን አውጡ። የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ፈግፍጉ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረጉ፤ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ አስገቡ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ። በዚህ ብቻ የሚነሳው ማሽን ብዛት ይገርማችኋል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይቀያየሩም፤ የመሃል ክፍተታቸው ስለሚለያይ አልገባ ካለ አትታገሉ።

አሁንም ካልሆነ ከሚሠራ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ካለ «ለመለዋወጫ» የሚል ጻፉበትና ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድ ማሽን ላይ ሳምንት መቆዘም ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቀውን ልጅ ግን አይረዳም።

በርቶ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ። ስሟ ሲአር2032 ነው፤ 3 ቮልት። በርካሽ ትገኛለች። ተራ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ አይከፍትም። ቤት ያለው ልጅ ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

7. ገንዘብ ካለ የት ይውላል?

መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ። ያረጀን ማሽን አዲስ የሚያስመስለው እሱ ነው። 128 ጊጋባይት ለተማሪ ይበቃል። ቀጥሎ ራም፤ 8 ጊጋባይት ማድረስ። ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው።

የድሮውን ሃርድ ዲስክ መጠቀም ግድ ከሆነ ጤናውን እዩ። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ላይ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ። «ሪአሎኬትድ» እና «ፔንዲንግ» ሴክተር የሚሉት ሁለቱ መስመሮች ዜሮ መሆን አለባቸው። ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያ ዲስክ ለቤተሰብ አይሄድም። «እስካሁን ይሠራል እኮ» የሚል ይኖራል። አትስሙት።

8. ሲስተም መጫን

8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ማሽን ከነሕጋዊ ፈቃዱ ከመጣ ዊንዶውስ 11 ጫኑለት። ለቀሩት የእኔ ምክር ሊኑክስ ሚንት፣ ቀለል ያለው የኤክስኤፍሲኢ ዕትም ነው። ነፃ ነው፤ በ4 ጊጋባይት ራም በደንብ ይንቀሳቀሳል፤ የ22ኛው ተከታታይ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አያስቸግርም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ግን አትጫኑ። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ከክራኩ ጋር ነው የሚገባው።

የሚንት መጫኛ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። አንድ ጊዜ አውርዱትና ቬንቶይ በሚባለው፣ ብዙ መጫኛዎችን ከአንድ ፍላሽ በሚያስነሳው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ አድርጉት፤ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስትንም እዚያው ጨምሩ። ማሽኑ ሲነሳ የቡት ዝርዝር ለማውጣት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጫኑ። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ብዙ ማሽኖች ካሏችሁ አንዱን ጨርሳችሁ ዲስኩን እንዳለ በሚቀዳው ክሎንዚላ በሚባል ፕሮግራም ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ቀናት ይቆጥብላችኋል።

ከተጫነ በኋላ እነዚህን አትርሱ፦

አማርኛ መጻፊያ። በኢንፑት ሜተድ (የመጻፊያ ዘዴ) መስኮት አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኑ፤ የብዙ ቋንቋዎችን መጻፊያ የያዘውን ኤም17ኤን ጨምሩ፤ ከዝርዝሩ የአማርኛ ሴራን ምረጡ። ድምፁን በላቲን ቁልፎች ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል። አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ሞክሩት።

ሊብረኦፊስ፣ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም፣ አብሮ ይመጣል። ሲቀመጥ በቀጥታ የወርድ ፋይል እንዲሆን አስተካክሉት። አለበለዚያ ልጁ የቤት ሥራውን ለመምህሩ ልኮ «አልከፈተልኝም» የሚል መልስ ይመጣበታል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይዘት። ይህ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ብዙው ቤት ዋይፋይ የለውም። ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየውን ኪዊክስን ጭናችሁ ዊኪፒዲያን በፋይል አስገቡ፤ ባለ ሥዕሉ ግዙፍ ስለሆነ ለ128 ጊጋባይት ዲስክ አነስተኛውን ዕትም ምረጡ። ፌት የሚባሉት፣ እየነካኩ የሚማሩባቸው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎችም በኪዊክስ ይገኛሉ። የትምህርት ሚኒስቴርን የተማሪ መጽሐፎች በፒዲኤፍ፣ በክፍል በክፍል ፎልደር አድርጋችሁ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጡ።

ቴሌግራም። ተማሪው ወርክሺቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ማጣሪያ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ የዲኤንኤስ ቁጥሩን (ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቅበትን) 1.1.1.3 አድርጉት። የክላውድፍሌር ነፃ አገልግሎት ነው፤ ለልጅ የማይሆኑ ብዙ ገጾችን ያግዳል። ሁሉንም ስለማያግድ ለወላጅ ይነገር።

ዋይፋይ ለሌለው ዴስክቶፕ አስማሚ ለመግዛት አትጨነቁ። ስልክን በቻርጀር ገመዱ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ማብራት ይበቃል።

9. የሠራው አይፈትንም

ማሽኑን ያደሰ ልጅ ሌላ ተማሪ ይፈትንለት። የራስን ሥራ ማንም በደንብ አይፈትሽም። ሜምቴስት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይሂድ። የኪቦርዱ ፊደል በሙሉ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በሙሉ፣ ድምፅ፣ ካሜራ ይታዩ። ቪዲዮ ለሁለት ሰዓት ይጫወት፤ ሙቀቱን በእጅ እዩ። ከዚያ ማሽኑ ተዘግቶ ይደርና በማግስቱ ይብራ። ቀዝቅዞ አልነሳም የሚል ማሽን የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው።

10. ለማን? እንዴት?

ምርጫው የተማሪዎች አይሁን። ጓደኛ ለጓደኛ ይሆናል፤ ነገሩም ይበላሻል። የክፍል ኃላፊ መምህራን የልጆቹን ቤት ያውቃሉ፤ እነሱ ይጠቁሙ። ከክበቡ አባላትም ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው አለ። በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፍሪ ጊክ የሚባል ያገለገለ ኮምፒውተር የሚያድስ ድርጅት የታወቀበት አሠራር ነበር፤ በጎ ፈቃደኛው በሥራው ኮምፒውተር ያገኝ ነበር። እኛ ዘንድም ይህ ይሠራል። ልጁ በሥራው አገኘሁት ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው።

ባነር ዘርግቶ፣ እናትና ልጅን አቁሞ፣ ፎቶ አንስቶ ማስረከብ ይቅር። ለጋሹ ፎቶ ከፈለገ የማሽኖቹንና የምትሠሩበትን ክፍል ላኩለት። ልጁ በማግስቱ እዚያው ክፍል ነው የሚቀመጠው።

ርክክቡ ላይ አንድ ወላጅ ከልጁ ጋር ይምጣ። ማብራት፣ በሥርዓቱ መዝጋት፣ ፋይል ማስቀመጥና ፍላሽ ማውጣት ይለማመዱ። እናንተ አትንኩ፤ እነሱ ይንኩ። እናትየው «እኔ አላውቅበትም፣ እሱ ይበቃል» ካሉ፣ «እትዬ፣ መዝጋቱን ብቻ ይሞክሩት» በሏቸው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል መብራት መጥቶ ሄዶ ሲያስቸግር ቤት ያሉት እሳቸው ናቸው።

ስለ መብራት ቁርጥ ያለ ምክር ስጡ። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ይነቀል፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ተቆይቶ ይሰካ። ከቤቱ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሁን። ስታብላይዘር ከተገኘ እሰየው። ዳንቴል ደግሞ ጠፍቶ ሲቀመጥ እንጂ እየሠራ አይደረግበትም፤ አየር ማስወጫውን ይደፍነዋል።

አንድ ወረቀት አብራችሁ ስጡ። የይለፍ ቃሉ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ሲበላሽ በየትኛው ቀንና ሰዓት ወደ ክበቡ እንደሚመጡ ይጻፍበት። የተማሪ ስልክ ሳይሆን የክበቡን ወይም የመምህሩን ስልክ አስፍሩ፤ ተማሪው 12ኛን ጨርሶ ይሄዳል።

11. ከወር በኋላ

ደውሉ። ወይም ልጁን በእረፍት ሰዓት ጠይቁት። «ይሠራል?» ብቻ አትበሉት፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ትናንት ምን ሠራህበት?» በሉት። መልሱ ከዘገየ ማሽኑ ቆሟል፣ ወይም ታላቅ ወንድም ለፊልም ወስዶታል፣ ወይም የይለፍ ቃሉ ጠፍቷል። የተመለሰ ማሽን ካለ በመዝገቡ ላይ ምክንያቱን ጻፉ። አንድ ዓይነት ብልሽት ሲደጋገም የትኛውን ሞዴል ዳግም እንደማትቀበሉ ታውቃላችሁ፤ የደብዳቤያችሁንም ዝርዝር በዚያው ታስተካክላላችሁ።